«የሙከራ እትም» ወይስ «ረቂቅ እትም»? ስለ ሶፍትዌር ፍተሻ ቃላት የቀረበ ሂስ

ባዕድ ቃልን በአማርኛ ቃል መተካት ከሚያስከትላቸው ችግሮች ሁሉ የከፋው፣ የተመረጠው ቃል ለጆሮ የጣመ፣ ለሰዋስው የተስማማ ሆኖ ሳለ አንባቢውን ወደ ሌላ ነገር ሲመራው ነው። እንግዳ ቃል አንባቢውን ያስቆመዋል፤ ቆሞም ትርጉሙን ይጠይቃል። የለመደው ቃል ግን ሳያስቆመው አሳስቶት ያልፋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው «የሙከራ እትም» የሚለው ስያሜ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን የሚመደብ ነው ብለን እናምናለን።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ በቅድሚያ ባጭሩ እናስረዳ። ኮምፒዩተርን የሚያሠራው የትእዛዝ ጽሑፍ ሶፍትዌር ይባላል። ከሶፍትዌሮች መካከል ጥቂት የማይባሉት፣ የመነሻ ጽሑፋቸውን የፈለገ ሁሉ እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና ለሌላ እንዲያካፍለው የተፈቀደባቸው ናቸው። የእነዚህ ሥራዎች አዘጋጆች አዲሱ እትም ከመጽናቱ በፊት፣ ጉድለት እንዳለበት እያወቁ፣ ለሕዝብ ያወጡታል፤ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ እየተገለገለበት ያገኘውን ጉድለት እንዲያስታውቃቸውም ይጋብዛሉ። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ኋላ ሊኑክስ የተባለውን ሥራውን በነሐሴ 1983 ዓ.ም. (1991 እ.ኤ.አ.) ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስታውቅ፣ ያልተጠናቀቀ መሆኑን ገልጾ ሰዎች ምን እንዲኖረው እንደሚሹ ጠይቆ ነበር። ሥራው ለሕዝብ አገልግሎት ደርሷል ተብሎ 1.0 የሚለውን የእትም ቁጥር የያዘው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ሥራውን ካጸኑት መካከል፣ በየቤታቸው በኮምፒዩተራቸው ላይ እየጫኑ፣ እየተበላሸባቸው፣ የተበላሸውንም እየጻፉ የላኩ ፈቃደኞች ይገኙባቸዋል።

ይህን ዐይነቱን ጥሪ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሰዎች ያልጸናውን እትም «የሙከራ እትም»፣ ሥራውን «መሞከር»፣ ሠሪውንም «ሞካሪ» ሲሉ በብዛት ይሰማል። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። «ቤተ ሙከራ» የተሰኘው ስያሜ በትምህርት ቤቶቻችን ጸንቷል፤ «የሙከራ በረራ» እና «የሙከራ ሥርጭት» የሚሉትንም ሕዝቡ ያለ አስተርጓሚ ይረዳቸዋል። በተለይ የመጨረሻው ለቃሉ ጠበቆች ብርቱ ማስረጃ ነው፤ ተመልካቹ «የሙከራ ሥርጭት» የሚል ጽሑፍ ሲያይ ሥርጭቱ የመጨረሻ መልኩን እንዳልያዘ ወዲያው ይገባዋልና።

ነገር ግን በሙከራ ሥርጭት ጊዜ የሚሞክረው ጣቢያው ነው። ተመልካቹ ምስሉ ቢቆራረጥበት የሚጠፋበት ንብረት የለም፤ ያየውን እንዲጽፍም አልተጠየቀም። በሶፍትዌሩ ጥሪ ግን የነገሩ ባለቤትነት ይገለበጣል። የሚሠራው ተጋባዡ ነው፤ አደጋው የሚያርፈውም በተጋባዡ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ከዚህም ሌላ ነጋዴዎች «እስቲ ሠላሳ ቀን ተጠቀሙበትና ከወደዳችሁት ግዙ» እያሉ የሚሰጡት የተጠናቀቀ ሸቀጥም በአማርኛ «የሙከራ እትም» ይባላል። በእንግሊዝኛ «ትራያል» እና «ቤታ» ተብለው የተለያዩት ሁለት ነገሮች በእኛ ቋንቋ በአንድ ቃል ሥር ተጨፍልቀዋል። የመጀመሪያው ለገዢው የተደረገ መስተንግዶ ነው፤ ሁለተኛው የሥራ ጥሪ ነው። ጥሪውን እንደ መስተንግዶ የተረዳ ሰው አንድያ የጽሑፉን ቅጂ በያዘው ኮምፒዩተር ላይ ያልጸናውን እትም ይጭናል፤ እክል ሲገጥመውም «የማይረባ ነው» ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል እንጂ የገጠመውን አይጽፍም። በዚህም ሰውየው ሥራውን፣ አዘጋጆቹም የሰውየውን ምስክርነት ያጣሉ።

«ሞከረ» የሚለው ግሥ በራሱ የሚያሳድረው ጥርጣሬም አለ። «ለመግባት ሞከረ» ስንል አለመግባቱን እየጠቆምን ነው፤ «የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ» ሲባልም መክሸፉ ከቃሉ ይታወቃል። ስለዚህ «ሞካሪ» የሚለው ስም ሙያን አያመለክትም፤ ጀምሮ ያልፈጸመን ሰው ይመስላል።

«ፈተና» ይሻል ይሆን? ፈተና በዛሬው አማርኛ የተማሪ ነው፤ በመንፈሳዊው አነጋገር ደግሞ መከራ ነው። «የሶፍትዌር ፈተና» የሚል ማስታወቂያ ያነበበ ሰው ስለ ሶፍትዌር ሊጠየቅ የተጠራ ይመስለዋል፤ ፈታኝ መሆኑ ቀርቶ ተፈታኝ ይሆናል። «ፍተሻ» ግን ከዚህ ሁሉ የጸዳ ነው። ፈታሽ የተሰወረውን ነገር ይፈልጋል፤ የሚፈልገውንም ሲያገኝ ያስታውቃል እንጂ ራሱ አያስተካክልም። በዚህ «አራሚ» ከሚለው ቃል ይለያል፤ አራሚ ስሕተቱን ያቀናልና። የቃሉ ጉድለት በበር ላይ ከሚቆመው ዘብ ጋር መያያዙ ነው፤ ይህ ግን ትርጉሙን ያጠብበዋል እንጂ አያጣምመውም። ስለሆነም ለሥራው «ፍተሻ»፣ ለሠሪው «ፈታሽ» የሚሉትን እንመርጣለን።

ወደ እትሙ ስም እንመለስ። ሶፍትዌር ሠሪዎች የመጀመሪያውን ያልጸና እትም «አልፋ»፣ ተከታዩን «ቤታ» ይሉታል። እነዚህ የግሪክ ፊደል ስሞች ከፊንቄ የተወረሱ ስለሆኑ «አልፍ» እና «ቤት» ለሚሉት የግእዝ ፊደል ስሞች ሥጋ ዘመድ ናቸው። አንዳንዶች ይህን ዝምድና ይዘው «የአልፍ እትም»፣ «የቤት እትም» ቢባልስ ይላሉ። ሐሳቡ ለታሪክ ወዳጅ ያስደስታል፤ ነገር ግን «የቤት እትም» ሲባል ስለ ፊደል የሚያስብ አንባቢ አይገኝም፤ በቤት የተሠራ ወይም ለቤት የሚሆን ነገር ነው የሚመስለው። «የሀ እትም»፣ «የለ እትም» ብንልም ቅደም ተከተሉ ይታወቃል እንጂ ነገሩ አይታወቅም።

ከጓዳችን የሚመጣው ሐሳብ ከዚህ የበለጠ ፍሬ አለው። ጠላ ጠማቂዎች ጥንስስ፣ ድፍድፍ፣ ጉሽ እያሉ እያንዳንዱን ደረጃ ለይተው ይጠራሉ። ጉሽ ያልጠራ ጠላ ነው፤ ይቀመሳል፣ ግን አልሰከነም። ለቤታ እትም ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። የጠመቃ ቃል ወደ ቴክኒክ ቋንቋ መግባቱም አዲስ አይደለም፤ ያልተጣራውን ነዳጅ «ድፍድፍ ነዳጅ» ስንል ማንም ስለ ጠላ አያስብም፤ «የሐሳቡ ጥንስስ» የሚለውም የተለመደ ነው። ሆኖም ጉሽ ጠላን የሚቀምስ እንግዳ አስተያየቱን ጽፎ እንዲሰጥ አይጠበቅበትም፤ ቃሉ ያለመጥራቱን እንጂ ጥሪውን አይዝም። ስለዚህ «ጉሽ» በሠሪዎች መካከል ለሚደረግ ንግግር ይሁን፤ ለመደበኛ ስያሜነት ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል።

የጎደለውን የሚሞላው በመንግሥትና በጽሕፈት ቤት ሥራ የለመድነው «ረቂቅ» የሚለው ቃል ነው። ረቂቅ ዐዋጅ ሲባል ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ እንረዳለን፦ ሰነዱ እንዳልተጠናቀቀ፣ ለውይይት እንደ ቀረበና በሱ መሠረት ሊፈረድ እንደማይቻል። የቤታ እትም ለተጋባዡ ሊነግረው የሚገባውም ይህንኑ ነው፦ አልተጠናቀቀም፣ ቃልህ ይፈለጋል፣ ዋና ሥራህን አትጣልበት። «ረቂቅ» የሚለው ቃል ስውርና ጥልቅ የሆነውን ነገር፣ እንደ ረቂቅ ሥነ ጥበብ ያለውን፣ ያመለክታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ይሁንና «እትም» ከሚለው ስም ጋር ሲገጥም የሚያደናግርበት አጋጣሚ አልታየንም። አልፋው «ቀዳማይ ረቂቅ»፣ ቤታው «ዳግማይ ረቂቅ»፣ ሌላ እንከን ካልተገኘበት እንዳለ የሚወጣው ደግሞ «እጩ እትም» ቢባል ቅደም ተከተሉም ነገሩም አብሮ ይነገራል።

በመጨረሻ የሚወጣውን እትም «የተረጋጋ» ማለትም የተለመደ ነው። መረጋጋት ከሁከት በኋላ ለሰውና ለአገር የሚነገር ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት፣ «ስቴብል» በሚለው ቅርንጫፉ ላይ የደኅንነት ጉድለትንና ብርቱ እንከንን ለማረም ካልሆነ በቀር ለውጥ አያደርግም። ቃሉ ያለመናወጥን ብቻ ሳይሆን ያለመለወጥንም ያመለክታል ማለት ነው። ስለዚህ «የጸና እትም» ይሻላል፤ «ጽኑ» ብቻውን ከሆነ ግን ጽኑ ሕመምንና ጽኑ እሥራትን ስለሚያስታውስ አይመረጥም።

ፈታሹ የሚፈልገው ነገር በእንግሊዝኛ «ባግ» ይባላል፤ ትርጉሙ ትንሽ ነፍሳት ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በነበረው ማርክ ሁለት በተባለው ኮምፒዩተር ውስጥ የእሳት ራት ተገኝታ በሥራ መዝገቡ ላይ መለጠፏ እውነት ነው። ነገር ግን ቃሉ ከዚያ አስቀድሞ በመሐንዲሶች ዘንድ ይሠራበት ነበር፤ ቶማስ ኤዲሰን በ1878 እ.ኤ.አ. በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ይገኛል። ታሪኩ ደስ ቢልም «ተባይ» ወይም «ትኋን» ብሎ ለመተርጐም ምክንያት አይሆንም፤ ተባይ ከውጭ የሚገባ ነው፣ የሶፍትዌር ጉድለት ግን ከሠሪው እጅ የሚወጣ ነውና።

በዚህ ረገድ አማርኛ ከእንግሊዝኛው የዕለት ንግግር የበለጠ ሀብት አለው። የፍተሻ ሙያ ሊቃውንት ሰው የሚፈጽመውን ስሕተት፣ ከስሕተቱ የተነሣ በጽሑፉ ውስጥ የሚቀረውን ጉድለትና ጉድለቱ ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚያደርሰውን እክል ለይተው ይመለከታሉ። ለመጀመሪያው «ስሕተት»፣ ለሁለተኛው «እንከን»፣ ለሦስተኛው «ሳንካ» ብንል ሦስቱም ቃላት በተፈጥሮ ትርጉማቸው ይቀመጣሉ። ስሕተት ሰው ይሠራል፤ እንከን ከነገሩ ጋር ይኖራል፤ ሳንካ ደግሞ መንገደኛን ይገጥመዋል። ፈታሹ የገጠመውን ሳንካ ይነግራል፤ ሠሪው እንከኑን ይፈልጋል፤ ሲያገኘውም የራሱን ስሕተት ይረዳል። ፈታሹ እንከኑ የት እንዳለ ባያውቅ ሥራውን አላጐደለም። ብዙ ሰዎች «እኔ ኮምፒዩተር ምን አውቃለሁ» ብለው ዝም የሚሉት ይህ ልዩነት ስላልተነገራቸው ነው።

የሳንካ ማስታወቂያ ቅጾች የሚጠይቁት ነገር ቀላል ነው፦ ምን አደረግህ፣ ምን ጠበቅህ፣ ምን ሆነ፣ በየትኛው እትም። የመጀመሪያው ጥያቄ በእንግሊዝኛ «ስቴፕስ ቱ ሪፕሮዲውስ» ይባላል። ቃል በቃል ሲመለስ «የማባዛት ደረጃዎች» ወይም፣ ይባስ ብሎ፣ «የመራባት ደረጃዎች» ይሆናል። የተፈለገው ግን ሠሪው በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ሳንካውን ደግሞ ያየው ዘንድ ፈታሹ ያደረገውን በተራ እንዲነግረው ነው፤ «ሳንካው እንዲደገም ምን ምን ይደረግ?» ማለት ይበቃል።

ተርጓሚ ስምን ከስም ሳይሆን ከብያኔው መተርጐም እንዳለበት የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ እንጨምር። ዴቢያን የሚደርሱትን ማስታወቂያዎች በሰባት ማዕርግ ይከፍላል፤ ላይኞቹ ሦስቱ «ክሪቲካል»፣ «ግሬቭ»፣ «ሲሪየስ» ይባላሉ። መዝገበ ቃላት ከፍቶ የሚተረጕም ሰው ሦስቱንም «ከባድ»፣ «ብርቱ»፣ «አሳሳቢ» ብሎ ያሰልፋቸዋል፤ ፈታሹም የትኛውን እንደሚመርጥ አያውቅም። ብያኔዎቹ ግን በግልጽ ይለያያሉ። የመጀመሪያው በዋናነት ከፕሮግራሙ አልፎ ሌላውን የሚያበላሽ ነው፤ ሁለተኛው ፕሮግራሙን ራሱን ከጥቅም ውጭ የሚያደርግ ነው፤ ሦስተኛው የድርጅቱን የአሠራር ደንብ በብርቱ የሚጥስ ነው። «ተዛማች»፣ «አሽመድማጅ»፣ «ደንብ አፍራሽ» ብንላቸው ብያኔው ከስሙ ይነበባል።

ስለ ፈቃደኛው ራሱ ደግሞ ጥቂት እንበል። «በጎ ፈቃደኛ» የጸና ቃል ነው፤ ነገር ግን በዛሬው አነጋገር ምጽዋት ምጽዋት ይላል፤ ተቀባዩም የተቸገረ ሰው ይመስላል። ከገበሬው ባህል «ደቦ» ወይም «ወንፈል» እንዋስ የሚሉ አሉ። አጠራሩና ሥርዐቱ በየአካባቢው ቢለያይም፣ ደቦ ባለቤት አለው፤ ደግሶ የጠራው ሰው ምርቱን ያስገባል። ወንፈል ደግሞ በተራ የሚከፈል የጉልበት ብድር ነው። ክፍት በሆነ ሶፍትዌር ላይ የሚሠራ ፈታሽ ግን ያደገው ሥራ የእርሱም የሌላውም ነው፤ የሚመለስለት ተራም የለም። ስለዚህ ሁለቱም ለማብራሪያ ይጠቅማሉ እንጂ ለስያሜ አይሆኑም። ለስያሜ የሚስማማው በአርበኝነት ዘመን የምናውቀው «ወዶ ዘማች» የሚለው ግንባታ ነው። ማንም ሳያስገድደው በራሱ ስንቅ የሚዘምት ሰው ወዶ ዘማች ከተባለ፣ በራሱ ጊዜና በራሱ ኮምፒዩተር የሚፈትሽ ሰው «ወዶ ፈታሽ» ሊባል ይገባዋል።

«ክፍት ምንጭ» የሚለውም ጥቂት ቃል ይሻል። የእንግሊዝኛው ስያሜ ራሱ ታስቦበት የተመረጠ ነው፤ በ1998 እ.ኤ.አ. ክሪስቲን ፒተርሰን ያቀረበችው፣ ቀድሞ የነበረው «ፍሪ» የተሰኘው ቃል ነጻነትንም ያለ ዋጋ መሰጠትንም ስለሚያመለክት ነበር። በአማርኛ ግን «ምንጭ» ብቻውን ሲቆም ውኃ ነው፤ ክፍት ምንጭም በጤና ባለሙያ አነጋገር ያልጐለበተና ለብክለት የተጋለጠ ነው። «መነሻ ጽሑፉ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር» ማለት ይረዝማል፤ ቢሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠቀስ በሙሉ ቢጻፍ፣ ከዚያ በኋላ «ክፍት ሶፍትዌር» ተብሎ ቢያጥር መልካም ነው።

ይህ ሁሉ የቃላት ጭቅጭቅ ምን ይረባል የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሳችን እንዲህ ነው። ፊደላችንና ዘመን አቈጣጠራችን የሚያስከትሏቸውን ሳንካዎች የሚያየው አማርኛ አንባቢ ብቻ ነው። የቀን መጠየቂያ ቅጽ ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ቢያቀርብ ጳጉሜን የተወለደ ሰው መቸገሩን፣ «ሥራ» ብሎ የፈለገ ሰው «ስራ» ተብሎ የተጻፈውን አለማግኘቱን፣ አራት ነጥብ ከዐረፍተ ነገሩ ተነጥሎ በአዲስ መስመር ራስ ላይ መውደቁን ሌላ አገር ያለ ሠሪ በራሱ አይደርስበትም። የሚነግረው ወዶ ፈታሽ ካላገኘ ሳንካው ከረቂቁ ወደ ጸናው እትም ይሻገራል፤ ለዓመታትም ይኖራል።

አንዳንዱም ከቶ አይታረምም። ሶፍትዌሮች ሁሉ ፊደላትን የሚለዩበት ዩኒኮድ የተባለው ሥርዐት የኢትዮጵያን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በሦስተኛው እትሙ አካቷል። ይህ ሥርዐት አንዴ የታተመን የፊደል ወይም የምልክት ስም እንዳይለውጥ ራሱን አስሯል። በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው እትም ውስጥ የአንድ ቅንፍ ስም ሲጻፍ፣ ቅንፍን በሚያመለክተው የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ ሁለት ፊደላት ቦታ ተለዋወጡ። ስሕተቱን ሁሉ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ዛሬም ድረስ እንደ ተሳሳተ ይኖራል፤ የተደረገለት ነገር ቢኖር ትክክለኛው ስም በተጓዳኝነት እንዲመዘገብ መሆኑ ብቻ ነው። ረቂቁ በቀረበበት ጊዜ አንድ ፈታሽ ቢያየው በአንድ መስመር ማስታወቂያ ይቀና ነበር። «ረቂቅ» እና «የጸና» የሚሉትን ቃላት መለየት ያስፈለገው ስለዚህ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ጊዜ ካለፈ የማይመለስ ሊሆን ይችላልና።

በመዝጊያው ያቀረብናቸውን ስያሜዎች እንሰብስብ፦

አልፋ — ቀዳማይ ረቂቅ
ቤታ — ዳግማይ ረቂቅ
ለመውጣት የቀረበው — እጩ እትም
ስቴብል — የጸና እትም
ትራያል — የሙከራ እትም (ለንግድ ብቻ)
የፍተሻ ፈቃደኛ — ወዶ ፈታሽ
በሰው የሚፈጸም — ስሕተት
በጽሑፉ ውስጥ ያለ — እንከን
ተገልጋዩን የሚገጥም — ሳንካ

ከእነዚህ መካከል «ወዶ ፈታሽ» እና «ቀዳማይ ረቂቅ» ለጊዜው ጆሮ ሊቈረቍሩ ይችላሉ፤ ልማድ ያለዝባቸዋል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። የሥነ ቃላት ሥራም እንደ ሶፍትዌሩ በብዙ ዐይን ካልታየ አይጸናምና፣ ተርጓሚዎችና የቋንቋ ሊቃውንት ቃላቱን በየሥራቸው እየተገለገሉባቸው የትኛው እንዳገለገላቸውና የትኛው እንዳሰናከላቸው እንዲያስታውቁን እንጠይቃለን። እስከዚያው ዝርዝሩ እንደ ዳግማይ ረቂቅ ይታይልን።